ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ አበባ በሜሪላንድ ጓሮ፦ ከአሁኑ ምን ልትከል?

አዲስ ጓሮ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ሴፕቴምበር 14

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

በዚህ በጋ ቤት ገዝተን ገብተናል። ከቤቱ ጀርባ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ፀሐይ የማይለየው ጓሮ አለ። እስከ ዛሬ ሣር ብቻ ነበረበት፤ አጥሩን ተከትዬ ሰፋ ያለ የአበባ መደብ ላወጣ አስቤአለሁ። አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው። ሲርስ ከአካፋው አይላቀቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ ዶማ አይበሳውም።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ብርዱ ካለፈ ጀምሮ ውርጩ እስኪመለስ ድረስ ጓሮው አበባ እንዳያጣ ነው። ሁለተኛውና ዋናው እንቁጣጣሽ ነው። ልጆቼ ለበዓሉ በየቤቱ ሲዘፍኑ የሚይዙት ከሱፐርማርኬት የተገዛ አበባ ነው። ከገዛ ጓሯቸው ቀጥፈው ለዘመድ አዝማድ ቢያበረክቱ ደስታዬ ወሰን የለውም። አደይ አበባ እዚህ ይበቅላል? ዘሩን ከአገር ቤት ማስመጣት ይቻላል? ሥራውን ከአሁኑ ልጀምር ወይስ ጸደይን ልጠብቅ?

ባለ ዶማው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሴፕቴምበር 14

እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እህቴ። ጸደይን አትጠብቂ። በዚህ አገር በማርችና በኤፕሪል የሚፈነዳው አበባ የሚተከለው በመኸር፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ኤፕሪል ላይ የጎረቤትን ዳፎዲል (በጸደይ መጀመሪያ የሚፈነዳውን ቢጫ አበባ) አይቶ ወደ ችግኝ መሸጫ የሚሮጥ ሰው የሚያገኘው በዕቃ ውስጥ አብቦ ያለቀ፣ በሁለት ሳምንት የሚረግፍ አበባ ነው።

አገር ቤት ተክሉን የሚቀሰቅሰውም የሚያስተኛውም ዝናብ ነው። እዚህ ዝናቡ በዓመቱ ወራት ተከፋፍሎ ስለሚወርድ ወቅት አይለይም። ወቅት የሚለየው ብርዱና የቀኑ ርዝመት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ እዚህ ግን በጁን ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፣ በዲሴምበር ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ተክሉ ይህን ይቆጥራል። ዳፎዲል፣ ቱሊፕና ክሮከስ የሚበቅሉት ከኮረት፣ ማለትም ሽንኩርት ከሚመስል ራስ ነው፤ አበባው ኮረቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይከርማል፣ አገዳው እንዲረዝም ግን ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ሊያገኘው ይገባል። ብርዱን ያልጠገበ ኮረት ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ወይም አበባው ከአፈሩ ከፍ ሳይል ይቀራል። ስለዚህ ብርዱ ጠላትሽ አይደለም፤ ሥራ የሚሠራልሽ እሱ ነው።

አካባቢሽ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ካርታ ላይ ዞን 7 ነው። ይህም ማለት በዓመቱ እጅግ የሚቀዘቅዘው ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ካርታው በ2023 ስለታደሰ የቆየ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኚ፤ በፖስታ ኮድሽ ፈልጊው። ከዓመት ዓመት እንዲቆይልሽ የምትገዢው ተክል መለያው ላይ ዞን 7 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር የተጻፈበት ይሁን።

አሁን ወደ አፈሩ። ብዙ ሰው ሸክላ አፈር ላይ አሸዋ ይጨምራል፤ በፍጹም አታድርጊው፣ ይብሱን ይጠጥራል። የሸክላ መድኃኒቱ ኮምፖስት፣ ማለትም የቅጠልና የአትክልት ብስባሽ ነው። ከመቆፈርሽ በፊት ጭብጥ አፈር አንሺና ጨምቀሽ በአውራ ጣት ግፊው። ተጣብቆ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ርሷልና ተዪው፤ እርጥብ ሸክላ ከተቆፈረ ጓል ሆኖ ይደርቃልና ዓመቱን ሙሉ አይመለስም። ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ ቀኑ ደርሷል። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት አልብሰሽ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አዋህጂው። አካፋ ከማንሳትሽ በፊት ደግሞ 811 ደውለሽ የጋዝና የመብራት መስመር ምልክት ይደረግልሽ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት ዳፎዲል ላይ አተኩሪ። ኮረቱ መርዛማ ስለሆነ አጋዘንም ሽኮኮም አይነካውም፤ በየዓመቱም እየተባዛ ይሄዳል። ቱሊፕ ለእኛ አካባቢ አይሆንም። ለአጋዘን ቀለብ ነው፣ በበጋችን ሙቀትም በሁለተኛው ዓመት ይመነምናል።

ስለ አደይ አበባ «ዘር ሰብሳቢ» ይንገርሽ፤ የእሱ ሙያ ነው።

እናት ዓለም (ሃያትስቪል፣ ሜሪላንድ)
ሴፕቴምበር 15

ልጄ፣ ቤቱን የበረከት ያድርግላችሁ።

ባለ ዶማው ያሉት ሁሉ ደህና ነው፤ እኔ ግን ቱሊፕን እንዲህ አልጥለውም። በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሪው፣ ከላይ የዶሮ ሽቦ አንጥፊበት፣ አፈር መልሺበት፤ ሽኮኮ አያገኘውም። ለአጋዘኑ ሊዘለው የማይችል ከፍ ያለ አጥር ካለሽ በቂ ነው። ኤፕሪል ላይ ቀይ ቱሊፕ በመስኮት ማየት ለአንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም ይገባዋል።

አደራ የምልሽ ፒዮኒ የሚባለው ትልልቅ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። ፒዮኒ አንዴ ከሰመረ ከ50 ዓመት በላይ በቦታው ይኖራል፤ የልጅ ልጆችሽ ይቀጥፉታል። የሚተከለውም አሁን፣ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ላይ ነው። ሥሩን ስትገዢ ጫፉ ላይ ቀላ ያሉ ትናንሽ ዓይኖች ታያለሽ። እነዚያን ዓይኖች ወደ ላይ አድርጊና አፈር ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አልብሻቸው። ከዚያ ከጠለቀ ዓመት በዓመት ቅጠል ብቻ ነው የሚሰጥሽ፤ «ፒዮኒዬ አያብብም» የሚል ሁሉ ብትጠይቂው አጥልቆ ተክሎታል። ሜይ ላይ እምቡጡን ጉንዳን ሲወርረው ደግሞ እንዳትደነግጪ። ጉንዳኑ እምቡጡ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ ጉዳት የለውም፣ መድኃኒት እንዳትረጪ።

የቡና አተላሽንም አትድፊ፤ ለአበባ ምግብ ነው። እኔ ከጀበናው በቀጥታ ነው የምገለብጠው።

ዘር ሰብሳቢ (ኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ)
ሴፕቴምበር 15

እናት ዓለም፣ በፒዮኒ ጉዳይ ከእርስዎ ቃል ላይ የምጨምረው የለኝም። በአተላው ግን ጥቂት ልበል። የተፈላ ቡና አተላ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አፈርን አያኮመጥጥም፤ ኮምጣጣነቱ በአብዛኛው ከቡናው ጋር ተጠጥቷል። አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲደፋ ደግሞ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ውኃ አያስገባም። ከቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ኮምፖስት ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ ግን ወርቅ ነው። ከክምሩ አንድ አምስተኛውን እንዳያልፍ ብቻ ይጠንቀቁልኝ።

አዲስ ጓሮ፣ አደይ አበባ ብለን የምንጠራቸው ባይደንስ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ናቸው። ዘሩን ከኢትዮጵያ በሻንጣ ይዞ መግባት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ጉምሩክ ላይ ሳያሳውቁ ማስገባት ያስቀጣል። ከቅጣቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የባይደንስ ዘር ከልብስና ከእንስሳ ጠጉር ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ ነው፤ ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ዝርያ ከጓሮ ካመለጠ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ይቅር።

ደግነቱ አያስፈልግሽም። የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በተፈጥሮ ይበቅላል። ባይደንስ አሪስቶሳ ይባላል። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ በመንገድ ዳርና በረግረጋማ ሜዳ ላይ ቢጫ ምንጣፍ አንጥፎ የምታዪው እሱ ነው። አበባው ለዓይን ከአገር ቤቱ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ዓመታዊ ነው፤ ዘሩ ግን ራሱን ይዘራል፣ ያውም በብዛት፣ ስለዚህ መደቡን ሁሉ እንዳይወርስ ጸደይ ላይ ችግኙን ማሳሳት ግድ ይላል። ዘሩም እርጥብ ብርድ ካላገኘው አይነቃም። በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር በጠራ አፈር ላይ በትኚው፣ በእጅሽ መዳፍ ጫን ጫን አድርጊው፣ ብርዱ የቀረውን ይሠራል። ከዱር አትንቀዪ፤ የአገር በቀል ዘር ከሚሸጡ ነጋዴዎች ግዢ።

ሁለተኛው ከኢትዮጵያም ምድር የወጣ ነው፤ አብዛኛው የእኛ ሰው ግን አያውቀውም። የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ይሉታል፣ በድሮ ስሙ አሲዳንቴራ። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ እስከ ማላዊና ሞዛምቢክ ድረስ በተፈጥሮ የሚገኝ ነው። ስድስት ነጭ ቅጠለ አበባ አለው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው ወይን ጠጅ ኮከብ አለ። አበባው ረጅም ቀጭን አንገት ላይ አጎንብሶ ይወጣል፤ መሸት ሲል መዓዛው ግቢውን ይሞላዋል። ኮረቱ በጸደይ በየሱቁ በርካሽ ይሸጣል። ሜይ ላይ ከተተከለ ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ ያብባል። ነጩን ከቢጫው ጋር አስቢው፤ የእንቁጣጣሽ እቅፍ አበባሽ እዚያው አለ።

አዲስ ጓሮ
ሴፕቴምበር 15

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ሁሉ አልጠበቅሁም። ኮምፖስቱን አዝዣለሁ። ፒዮኒውን ለእናቴ መታሰቢያ እተክለዋለሁ። ዘር ሰብሳቢ፣ ያንን ግላዲዮለስ ስትገልጸው ባለቤቴ «ባሌ ውስጥ ያየሁት ይመስለኛል» አለ።

የሲያትል ዝናብ (ሲያትል፣ ዋሽንግተን)
ሴፕቴምበር 17

ከምዕራቡ ዳር ሰላም እላለሁ። ለሴፕቴምበር ከሆነ ዳሊያን ማንም ሳያነሳው ማለፉ አስገርሞኛል። በእኛ ከተማ ከ1913 ጀምሮ ይፋዊ የከተማዋ አበባ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። የሲያትል በጋ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ዳሊያ ደግሞ መነሻው የሜክሲኮ ደጋ ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይወዳል። እናንተ ጋ የጁላይና የኦገስት ሌሊት ሙቀት ስለሚያስጨንቀው ይቆምባችኋል። ተስፋ አትቁረጡና ውኃ አጠጡት፤ ልክ ሴፕቴምበር ሲገባ ይነሳል። እንቁጣጣሽ ላይ ከሙሉ ጉልበቱ ጋር ታገኙታላችሁ።

የዳሊያ ሥር ድንች ይመስላል፤ የሚበቅለው ግን ከአሮጌው አገዳ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ዓይን ካለው ብቻ ነው። ወፍራም ሆኖ ዓይን የሌለውን ከመግዛት ቀጭን ሆኖ ዓይን ያለውን መግዛት ይሻላል። አፈሩ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሞላ አትትከሉት፤ በቀዝቃዛ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ቡቃያው ከመሬት እስኪወጣም ውኃ አታጠጡት። 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቆንጥጡት፤ ጎን ጎኑን አስፍቶ ብዙ አበባ ይሰጣል። ድጋፍ የሚሆነውን እንጨት ስትተክሉት አብራችሁ ትከሉ፤ ካደገ በኋላ ከሆነ ሥሩን ትወጉታላችሁ።

የእኛ መከራ ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣ ነው። አንድ ሌሊት ካገኘ ቡቃያውን እስከ አፈር ይልሰዋል። ብረት ፎስፌት ያለበት ማጥመጃ እበትናለሁ፤ ለውሻና ለወፍ ከሌላው መርዝ ይልቅ አያሰጋም።

ቡልቡላ (አዲስ አበባ)
ሴፕቴምበር 20

ከአዲስ አበባ ሆኜ እየተከታተልኩ ነው። ከጀርመን የመጣ ዘመድ የቱሊፕ ኮረት አምጥቶልኛል። የእኛ ብርድ ይበቃዋል?

ዘር ሰብሳቢ
ሴፕቴምበር 20

አይበቃውም፣ ወንድሜ። የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል፤ ቱሊፕ ደግሞ ሳያቋርጥ ለወራት ከ9 ዲግሪ በታች መክረም ይፈልጋል። አማራጩ ማቀዝቀዣ ነው። በወረቀት ከረጢት አድርገህ አትክልት በሚቀመጥበት መሳቢያ ለ14 ሳምንት አቆየው። በዚያው ማቀዝቀዣ ፖምና ሙዝ እንዳይኖር፤ የሚበስል ፍሬ የሚተነፍሰው ኤቲሊን ጋዝ ኮረቱ ውስጥ ያለውን አበባ ይገድለዋል። ስታወጣው ጥላ ባለበት በአበባ ዕቃ ውስጥ ትከለው። አንድ ጊዜ ያብብልሃል፤ በሚቀጥለው ዓመት አትጠብቀው። በእኔ አስተያየት ያንተ ከተማ ለጽጌረዳ፣ ለዳሊያና ለአጋፓንተስ የተፈጠረ ነው። እኛ ክረምቱን ሁሉ ምድር ቤት የምናስቀምጠውን ዳሊያ አንተ መሬት ውስጥ ትተኸው ታድራለህ።

ባለ ዶማው
ኖቬምበር 16

ትናንት ማታ አሌክሳንድሪያ ላይ ደህና ውርጭ ወረደ። ኮረት ያልተከላችሁ አሁንም አልረፈደም፤ መሬቱ እስኪጠጥር ድረስ ይተከላል። ጥልቀቱ የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ሾጣጣው ወገን ወደ ላይ። በረድፍ ደርድራችሁ አትትከሉ፤ በእፍኝ በትናችሁ በወደቀበት ብትቀብሩት ያምራል።

መደባችሁንም አጽዱ። የደረቀውን አገዳ ሁሉ ቆርጣችሁ አውጡ፤ በሽታ የሚከርመው እዚያ ውስጥ ነው።

ዘር ሰብሳቢ
ኖቬምበር 16

ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። የጽጌረዳና የፒዮኒ ቅጠል ይጠረግ፤ ጥቁር ነጠብጣብና ሻጋታ ስለሚያከርም የቤት ኮምፖስት ውስጥ እንኳን አይግባ። ኤኪናሺያና ብላክ አይድ ሱዛን የሚባሉት አበቦች አገዳ ግን ይቁም። ወርቃማ ወፎች ዘሩን እየለቀሙ ክረምቱን ይገፉበታል። ባዶው አገዳ ውስጥ ደግሞ ለብቻቸው የሚኖሩ ትናንሽ ንቦች ይከርማሉ። ብላክ አይድ ሱዛን ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት አበባ ነው፤ ወፏም ንቧም ከእሱ ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። ጸደይ ላይ ቀኑ 10 ዲግሪ ማለፍ ሲለምድ ይቆረጥ።

ባለ ዶማው
ኖቬምበር 17

የጽጌረዳው ቅጠል ካልቀረ በቀረው እሺ ብያለሁ። ወፎቹን እኔም እወዳቸዋለሁ።

አዲስ ጓሮ
ማርች 22

ክሮከሱ ወጥቶ አለፈ፣ ዳፎዲሉ አሁን እየተከፈተ ነው። ባይደንሱ የተበተነበት ላይ ጥፍር የሚያህሉ ችግኞች አያለሁ፤ ከአረሙ መለየት አልቻልኩም። ሌላው ጥያቄዬ፣ ቤቱን ስንገዛ ከመግቢያው አጠገብ የነበረ ሃይድራንጃ የሚባል የአበባ ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ረግፎ ደረቅ እንጨት ሆኖ ቆሟል። ልግረዘው?

እናት ዓለም
ማርች 22

እጅሽን ሰብስቢ ልጄ! ያ ደረቅ የመሰለሽ እንጨት ላይ ጥንድ ጥንድ እምቡጦች አሉ፤ ጠጋ ብለሽ እዪ። ትልልቅ ሉል አበባ የሚያወጣው ዓይነት ከሆነ የዘንድሮውን አበባ ያዘጋጀው አምና ነው። አሁን ብትገርዢው ሙሉ ዓመት አበባ ታጪያለሽ። ሜይ ላይ ቅጠል ያላወጣውን በእርግጥ የሞተውን ብቻ ቁረጪ። ቅርጽ ልታስይዢው ከፈለግሽ አበባው እንዳለፈ፣ በጁላይ ነው። አዛሊያም እንደዚሁ ነው፤ ካበበ በኋላ ወዲያው፣ አለበለዚያ አይነካም።

አሁን የሚገረዘው ጽጌረዳ ነው። ቢጫው ፎርሲቲያ ሲያብብ መቀሱን አንሺ፤ ቀን መቁጠሪያው እሱ ነው። ወደ ውጭ ከሚያይ እምቡጥ በላይ ሰያፍ ቁረጪ፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን አውጪ፣ መሐሉ አየር ያግኝ።

ዘር ሰብሳቢ
ማርች 23

የባይደንስ ችግኝ መጀመሪያ ሁለት ጠባብ ረዘም ያሉ ቅጠሎች ያወጣል፤ ቀጥሎ የሚመጡት ጫፋቸው መጋዝ የመሰሉ የተከፋፈሉ ናቸው። እነዚህ እስኪታዩ አረም አትንቀዪ። ከዚያ በኋላ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ እየተውሽ አሳሺ።

ሃይድራንጃው ሰማያዊ ሆኖ ካበበ አፈርሽ ኮምጣጣ ነው ማለት ነው፤ በኮምጣጣ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ለሥሩ ስለሚገኝ ነው ቀለሙ ሰማያዊ የሚሆነው። ሮዝ ከሆነ አፈሩ ኮምጣጣ ወዳልሆነው ያዘነብላል። ገንዘብ ሳታወጪ መጀመሪያ መረጃ ታገኚያለሽ። በትክክል ለማወቅ ግን የአፈር ምርመራ አስደርጊ፤ የካውንቲሽ የዩኒቨርሲቲ እርሻ ኤክስቴንሽን ቢሮ ናሙናው ወዴት እንደሚላክ ይነግርሻል።

አዲስ ጓሮ
ኤፕሪል 25

ዳፎዲሉ ረግፎ ቅጠሉ ተዘርፍጦ ቀርቷል። ለዓይን አያምርም፤ ባለቤቴ ከሣሩ ጋር ልጨደው ይላል። ችግኝ መሸጫው ደግሞ በዳሊያና በበሶብላ ተሞልቶ ሰው እየተሻማ ነው። ልትከል?

ባለ ዶማው
ኤፕሪል 25

ባለቤትሽን አስቁሚልኝ! የከርሞ አበባ የሚሠራው አሁን ነው። ቅጠሉ ፀሐይ እየሰበሰበ ኮረቱን ያወፍራል። ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ራሱ ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ ያለ ጉልበት ይነቀላል። አትጠምዝዢው፣ በላስቲክም አትሰሪው፤ ብርሃን ይቀንስበታል። ከፊቱ ዴይሊሊ ትከዪበት፤ ቅጠሉ ሲያድግ ይሸፍነዋል፣ ጁን መጨረሻ ላይም ራሱ ያብባል።

ስለ ዳሊያው፣ ሱቅ ስለሸጠው ጊዜው ደረሰ ማለት አይደለም። ከከተማው ወጣ ባለው አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ሊዘገይ ይችላል። ሜይ አሥር ገደማ ትከዪ። ግላዲዮለሱም አብሮ ይገባል፦ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ርቀቱም ያንኑ ያህል። አንድ ሁለቱን ለየብቻ አትበትኚ፤ ሃያውን ባንድ ላይ ክበብ አድርጊ። ቀጭን አበባ ስለሆነ ብቻውን አይታይም።

የብርሃን ሌሊት (ስቶክሆልም)
ሜይ 3

የአቢሲኒያ ግላዲዮለስን ከዚህ ክር ተምሬ ገዛሁ። እኛ ጋ በጋው አጭር ስለሆነ ሴፕቴምበር ላይ ውርጭ ይቀድመዋል ብዬ ኤፕሪል ላይ በአበባ ዕቃ ተክዬ መስኮት ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ቡቃያው አንድ ስንዝር ደርሷል። በሰሜን አውሮፓ ያላችሁ ይህን መንገድ ተጠቀሙ። ጁን ላይ ወደ ውጭ ይወጣል።

አዲስ ጓሮ
ጁላይ 6

ፒዮኒው ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ነው፤ እናት ዓለም ታገሺ ብለውኛልና እየታገስኩ ነው። ጽጌረዳዬን ግን አረንጓዴና ነሐስ የሚያንጸባርቅ ጢንዚዛ ወርሮታል። ቅጠሉን በልቶ ጅማቱን ብቻ ነው የሚተወው። ማጥመጃ ከረጢት ልግዛ?

ባለ ዶማው
ጁላይ 6

የጃፓን ጢንዚዛ ነው። በዚህ አገር መጀመሪያ የተገኘው በ1916 በኒው ጀርሲ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምሥራቁን ሁሉ ወርሷል። ከረጢቱን አትግዢ። በውስጡ ያለው ሽታ የጎረቤትን ጢንዚዛ ጭምር ይጠራልሻል፤ ከሚይዘው የሚጋብዘው ይበልጣል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ውጪ። በዚያ ሰዓት ደንዝዞ ነው የሚገኘው። የሳሙና ውኃ ያለበት ባልዲ ከሥሩ አድርገሽ ቅርንጫፉን ምቺ፤ ተፍ ተፍ ብሎ ይወድቃል። የተበላ ቅጠል ሌላውን ስለሚስብ ገና ጥቂት ሳሉ መጀመር ነው። ኦገስት አጋማሽ ላይ ይቀንሳል።

ውኃ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አትርጪ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ፣ በደንብ። ከላይ የተፈጨ ቅጠል ወይም የእንጨት ቅርፊት ጉዝጓዝ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር አልብሺ፤ አገዳው አንገት ላይ ግን አትከምሪ።

አዲስ ጓሮ
ሴፕቴምበር 11

እንኳን አደረሳችሁ! ባይደንሱ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ አጥሩን ሸፍኖታል። ግላዲዮለሱ ከሃያው አሥራ ሰባቱ አብቧል። ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ቢጫውንና ነጩን አንድ ላይ አሥረው ለአያታቸው፣ ለሁለት ጎረቤትና ለመምህራቸው ወሰዱ። አያታቸው አበባውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ብዙ ቆዩ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ጥያቄ አላቆምም፦ ኮረቱን ለከርሞ ማቆየት ይቻላል?

ዘር ሰብሳቢ
ሴፕቴምበር 11

እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ደስታሽ የእኛም ነው።

ይቻላል። በዞን 7 መሬት ውስጥ ከቀረ የሚያጋጥመው አይታወቅም፤ ቀላል ክረምት ከሆነ ይተርፋል፣ ከበድ ካለ ይሞታል። አውጪው። አበባው ሲረግፍ አገዳውን ቁረጪ፣ ቅጠሉን ግን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ተዪው። ውርጭ ሲነካው በመቆፈሪያ ሹካ ከርቀት አንሺው። ዋናው ኮረት ዙሪያ አተር የሚያህሉ ልጆች ታገኚያለሽ፤ አትጣያቸው፣ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ያብባሉ። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ሁለት ሳምንት አድርቂ፣ አሮጌውን የታችኛውን ኮረት ገንጥለሽ ጣዪ፣ ቅጠሉን አስወግጂ፣ በወረቀት ከረጢት አድርገሽ ውርጭ በማይደርስበት፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ደረቅ ቦታ አኑሪ። በፕላስቲክ ከረጢት አይሁን፤ ይሻግታል። ዳሊያውን ግን ከእሱ ጋር አታስቀምጪ፤ እሱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ፣ ጥቂት እርጥበት ያለው የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ነው የሚከርመው።

እናት ዓለም
ሴፕቴምበር 12

ከትንንሾቹ ኮረቶች የሚተርፍሽ ካለ ለእኔ አኑሪልኝ ልጄ። በለውጡ ከፒዮኒዬ አንድ ክፋይ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ነጩን። ቦታውን እስከ ኦክቶበር አዘጋጂው።